ክብሩ የሚነካ ታካሚ፣ ክብሩ የሚነካ ሐኪም

ናርሲሲዝም የሚባለው የሰብእና መዛባት፣ ማለትም ሰው ለራሱ ያለው ግምት ከልክ በላይ ገዝፎ፣ የሌሎች አድናቆት ሲጓደልበት ግን በቀላሉ የሚሰበርበት ሁኔታ፣ በሥነ ልቦና ሕክምና ታሪክ ረጅም ክርክር ካስነሡ ጉዳዮች አንዱ ነው። ቀጥሎ ያለው ምልልስ በአንድ የሳይካትሪ መምህርና ሥልጠናዋን ለማጠናቀቅ በተቃረበች ሐኪም መካከል የተካሄደ ተደርጎ የተቀረጸ ሲሆን፣ ሁለቱ ከሚስማሙበት ይልቅ በሚለያዩበት ላይ ይቆያል። የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሠልጣኟ፦ ናርሲሲስት የሚለው ስያሜ ዛሬ የቀድሞ ባልን፣ አለቃን ወይም ፖለቲከኛን መዝለፊያ እየሆነ ስለመጣ፣ ስለ ሕክምናው ከመነጋገር በፊት በሽታው ከተራ ጉረኝነትና ከራስ ወዳድነት የሚለይበትን ድንበር ማስመር የሚያስፈልግ ይመስላል። ድንበሩን ግን የምርመራ መመሪያዎቹ ራሳቸው በአንድ ዓይነት አላሰመሩትም።

መምህሩ፦ አላሰመሩትም። የአሜሪካ የሳይካትሪ ማኅበር መዛባቱን በመመሪያው ውስጥ ያስገባው በ1980 በወጣው ሦስተኛ እትም ሲሆን፣ በ2013 የወጣው አምስተኛ እትም ዘጠኝ ምልክቶችን ይቆጥራል፤ ራስን ማግዘፍ፣ ወሰን የሌለው ስኬት ማለም፣ ከተራው ሰው የተለየሁ ነኝ ብሎ ማመን፣ የአድናቆት ጥም፣ ሁሉ ይገባኛል ባይነት፣ ሰውን መጠቀሚያ ማድረግ፣ የሌላውን ስሜት አለመጋራት፣ ምቀኝነትና ትዕቢት ናቸው፤ ምርመራው እንዲጸናም ቢያንስ አምስቱ ሥር ሰድደው መገኘት አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው 11ኛ ምደባው የሰብእና መዛባቶችን በየስማቸው መከፋፈሉን በአብዛኛው ትቶ ክብደታቸውን ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ እያለ መመዘንን መርጧል። አለመስማማቱ በቁጥሩም ላይ ይታያል፤ በአሜሪካ ከ34,000 በላይ ጎልማሶች ተጠይቀው በ2008 በታተመ ጥናት መዛባቱ በሕይወት ዘመናቸው የታየባቸው 6.2 በመቶ፣ ከወንዶች 7.7 ከሴቶች 4.8 በመቶ ሲሆኑ፣ ሌሎች ጥናቶች ከዚህ እጅግ ያነሰ አግኝተዋል። ከቁጥሩ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ከዘጠኙ ምልክቶች አብዛኞቹ በታካሚው ዙሪያ ያሉ ሰዎች የሚማረሩባቸው እንጂ ታካሚው ራሱ የሚታመምባቸው አለመሆናቸው ነው። እሱን ወደ ሐኪም የሚያመጣው ሌላ ነገር ነው፤ ድባቴ፣ መጠጥ፣ የፈረሰ ትዳር ወይም ያመለጠ ሹመት።

ሠልጣኟ፦ ምልክቶቹ በዚህ አገር ሲነበቡ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያስነሣሉ። ፎካሪ በሠርግ ቤት ተነሥቶ ጀግንነቱንና የዘር ሐረጉን ሲቆጥር፣ መሬቱ አልበቃው ብሎ ወዲያና ወዲህ ሲንጎራደድ ላየው ሰው፣ ከዘጠኙ አራት አምስቱን በአንድ ትንፋሽ የሚያሟላ ይመስላል።

መምህሩ፦ ይመስላል እንጂ አያሟላም። ፉከራ ቦታና ጊዜ የተሰጠው፣ ታዳሚው ተቀብሎ የሚያደምቀው፣ ሲያበቃም በዚያው የሚያበቃ ውዳሴ ነው፤ ፎካሪው ወደ ቦታው ተመልሶ ከጎረቤቱ ጋር አንድ ገበታ ይቀርባል፤ የሚወደሰውም እሱ ብቻ ሳይሆን አባቱ፣ ወንዙና ባልንጀሮቹ ናቸው። መመሪያውም ቢሆን ማንኛውም የሰብእና መዛባት፣ ሰውየው ያደገበት ባህል ከሚጠብቀው ጎልቶ የራቀ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። በዚህ አገር ይበልጥ የሚያሳስበው ተቃራኒው ነው፤ ይሉኝታ በሚከበርበት ማኅበረሰብ ራስን ማግዘፍ ብዙ ጊዜ ትሕትናን ለብሶ ስለሚመጣ፣ ሐኪሙ ጉራ ሲፈልግ ታካሚው አንገቱን ደፍቶ፣ ማን እንዳላወቀለት፣ ማን ቀድሞ ሰላም እንዳላለው በልቡ እያሰላ ይቀመጣል።

ሠልጣኟ፦ የሥነ ልቦና ተንታኙ ኸርበርት ሮዘንፌልድ በ1987 በታተመው መጽሐፉ ቆዳቸው የወፈረና ቆዳቸው የሳሳ ብሎ የለያቸው ሁለት ዓይነት ታካሚዎች እዚህ ላይ ይጠቅማሉ ማለት ነው።

መምህሩ፦ ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው ብሎ ማሰቡ ያሳስታል። ቆዳው የወፈረው የሌላውን ስሜት ሳያይ የሚያልፍ፣ ስድብም ምክርም የማይገባው ሲሆን፣ ቆዳው የሳሳው ደግሞ ሐኪሙ ሰዓት ሲያይ የተናቀ የሚመስለው፣ ሲታረም የሚያፍርና ባፈረ ጊዜ የሚሰወር ነው። የዛሬ ተመራማሪዎች የመጀመሪያውን ገዛፊ፣ ሁለተኛውን ተሰባሪ ናርሲሲዝም ብለው ይመረምሯቸዋል፤ በሕክምና ክፍል ውስጥ ግን አንዱ ሰው በአንድ ሳምንት ሁለቱንም ሆኖ ሊታይ ይችላል። ሰኞ የመሥሪያ ቤቱ ምሰሶ የነበረ ሰው ሐሙስ ላይ በአንድ ደብዳቤ ምክንያት ከቤት መውጣት አቅቶት ይገኛል።

ሠልጣኟ፦ ሥሩን በተመለከተ ጽሑፎቹ አይገናኙም። አብዛኞቹ የሥነ ልቦና ሐኪሞች ቀዝቃዛ ወላጅን ሲከሱ፣ በ2015 የታተመው የኔዘርላንድስ ጥናት ግን ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 11 የሆኑ 565 ልጆችንና ወላጆቻቸውን በየስድስት ወሩ አራት ጊዜ ተከታትሎ ያገኘው ሌላ ነው፤ ልጃቸው ከሌሎች ልጆች እንደሚበልጥ የሚያምኑ ወላጆች ልጆች ናርሲሲስታዊ ጠባይ ሲያዳብሩ፣ ፍቅርና ሙቀት ያገኙት ደግሞ ጤናማ የራስ ክብር አዳብረዋል።

መምህሩ፦ ጥናቱ የለካው በትምህርት ቤት ልጆች ላይ የሚታይ ጠባይን እንጂ የጎለመሰ በሽታን አይደለም፤ ቢሆንም ለሐኪሙ የሚሰጠው ፍንጭ ትልቅ ነው። ከፍ ከፍ የተደረገ ልጅ የግድ የታየ ልጅ አይደለም፤ ወላጅ በልጁ ውጤት የራሱን የጎደለ ክብር የሚሞላ ከሆነ፣ ልጁ የሚወደደው ሲያሸንፍ ብቻ እንደሆነ ቶሎ ይገባዋል፤ ሲሸነፍ ምን እንደሚሆን ግን ማንም አያስተምረውም። በዚህ ዓይን ሲታይ ቅዝቃዜና ልክ ያጣ ውዳሴ በአንድ ቤት ውስጥ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

ሠልጣኟ፦ ወደ ሕክምናው ሲመጣ መነሻው ተስፋ መቁረጥ ነበር። ሲግመንድ ፍሮይድ በ1914 ስለ ናርሲሲዝም ከጻፈው መግቢያ በኋላ፣ ፍቅራቸውን ከዓለም መልሰው በራሳቸው ላይ ያሳረፉ ሰዎች ማሸጋገር ስለማይችሉ በሥነ ልቦና ትንተና አይታከሙም የሚል አቋም ሰፈነ። ማሸጋገር ታካሚው በልጅነቱ ለቅርብ ሰዎቹ የነበረውን ስሜት ሳያውቀው በሐኪሙ ላይ የሚያሳርፍበት ሂደት በመሆኑ፣ እሱ ከሌለ ሐኪሙ የሚሠራበት ነገር የለም ማለት ነው።

መምህሩ፦ ፍሮይድ በይበልጥ ያሰበው ከእውነታ የተለዩ ሕሙማንን ነበር፤ በሩን የዘጉት ከእሱ በኋላ የመጡት ናቸው። የከፈተው ሃይንዝ ኮሁት ነው፤ በ1913 በቪየና ተወልዶ፣ ናዚዎች ኦስትሪያን ከያዙ በኋላ በ1939 ተሰድዶ፣ በቺካጎ የኖረ ሐኪም ነው። በ1971 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ የምትገኘው ሚስ ኤፍ የተባለች ወጣት ታካሚ ለዚህ ትምህርት ቁልፍ ናት። ኮሁት ዝም ሲል ትቆጣለች፤ የተናገረችውን በአጭሩ መልሶ ሲነግራት ትረጋጋለች፤ እሷ ከደረሰችበት አንድ እርምጃ አልፎ የራሱን ትርጓሜ ሲጨምር ግን የገነባችውን ሁሉ እንዳፈረሰባት፣ ሕክምናውንም እንዳበላሸ እየከሰሰች ትጮኻለች። ሐኪሙ ይህን ለረጅም ጊዜ እንደ እንቢታ ቆጥሮት ነበር። በኋላ የተረዳው ታካሚዋ ማሸጋገር አጥታ ሳይሆን ሌላ ዓይነት ማሸጋገር ውስጥ እንደሆነች ነው፤ የምትፈልገው በልጅነቷ ያልነበራትን፣ ደስታዋንና ሐዘኗን ተቀብሎ መልሶ የሚያሳያትን መስተዋት ነበር። በሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ ተረት የራሱን መልክ አፍቅሮ ከቀረው ከናርሲሰስ ጎን የሌላውን ቃል ከመድገም በቀር መናገር የማትችል ኤኮ የተባለች ቆንጆ አለች፤ ታካሚዋ ከሐኪሟ የጠየቀችው ኤኮ እንዲሆንላት ነው። የተማረና የተከበረ ሐኪም ለወራት ኤኮ ሆኖ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚከብደው ለማሰብ አያዳግትም።

ሠልጣኟ፦ መክበዱ ትክክል መሆኑን አያሳይም። በ1928 በዚያችው በቪየና ተወልዶ፣ በዚያው በ1939 ከወላጆቹ ጋር ወደ ቺሊ የተሰደደው፣ ኋላም አሜሪካ ገብቶ በካንሳስ በሜኒንገር ተቋም የሠራው ኦቶ ከርንበርግ፣ በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን በሌላ መንገድ ተረድቶታል። በእሱ አመለካከት ገዛፊው ማንነት ያልበሰለ ሕፃንነት ሳይሆን የታመመ መዋቅር ነው፤ ሰውየው የሆነው፣ ሊሆን የሚመኘውና የሚመኘው ወላጅ በአንድነት ተዋሕደው ማንንም የማይፈልግ ምሽግ ሲሠሩ፣ ድክመቱ ሁሉ ወደ ሌሎች ይወረወራል፤ ከሥሩ ያለው ቁጣና ምቀኝነት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ንቀቱን፣ ምቀኝነቱንና ሐኪሙን ከንቱ የማድረግ ፍላጎቱን ገና ከመታየታቸው ስም እየሰጠ ማሳየት አለበት። ለዚህ ሕክምና የወጣለት ሥርዓትም ግልጽ ነው፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በቅድሚያ በተደረገ ስምምነት፣ በክፍሉ ውስጥ በሁለቱ መካከል በሚሆነው ላይ ያተኩራል። መስተዋት እየሆኑ መቀመጥ ምሽጉን ማጠናከር ይሆናል የሚለው ክርክሩ በቀላሉ የሚገፋ አይደለም።

መምህሩ፦ አይገፋም፤ ሁለቱ ከአንድ ከተማ በአንድ ዓመት መባረራቸውም ለታሪክ ጸሐፊ ማራኪ ቢሆንም ለሐኪም የሚፈታለት ነገር የለም። ነገር ግን ኮሁት መስተዋትነት ብቻውን ይፈውሳል አላለም። ያለው ሐኪሙ መሳቱ አይቀርም፣ ዕረፍት ይወጣል፣ ይዘናጋል፣ ይሳሳታል፤ እያንዳንዱ ትንሽ ቅሬታ ታይቶ፣ ታምኖና ተብራርቶ ሲጠገን ታካሚው ራሱን የማረጋጋት ኃይል በልኩ ወደ ውስጡ ይወስዳል ነው። ሚስተር ዚ ተብሎ በ1979 የታተመውን ሕክምና መመልከት ይጠቅማል። ታካሚው ሁለት ጊዜ፣ እያንዳንዱ አራት ዓመት ያህል በሳምንት አምስት ቀን ታክሟል፤ በመጀመሪያው ሕክምና ሐኪሙ ይገባኛል ባይነቱን የቅምጥል ልጅ ጠባይ አድርጎ ሲተረጉምለት ታካሚው ለረጅም ጊዜ በቁጣ ሲንተከተክ ቆይቶ በኋላ በረደ። ለምን እንደበረደ ታካሚው ከዓመታት በኋላ ሲያስረዳ የጠቀሰው ትልቅ ትርጓሜ አልነበረም፤ ሐኪሙ አንድ ቀን ትርጓሜውን ከመጀመሩ በፊት፣ ሰው የሚገባው የመሰለውን ሲነፈግ እንደሚጎዳ የተናገራትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበር።

ሠልጣኟ፦ በዚህ ማስረጃ ላይ ግን አንድ ትልቅ ችግር አለ። ቻርልስ ስትሮዚየር በ2001 ባሳተመው የኮሁት የሕይወት ታሪክ እንደተከራከረውና ዛሬ በሙያው ውስጥ በሰፊው እንደሚታመነው፣ ሚስተር ዚ ራሱ ኮሁት ነው። ሁለተኛ ሕክምና ያደረገለት ሐኪም ከሌለ፣ ታሪኩ የሕክምና ማስረጃ ሆኖ ሊጠቀስ አይገባውም።

መምህሩ፦ እንደ ማስረጃ ይውደቅ፤ የአነጋገር ምሳሌነቱ ግን ሊጠና ይችላል። ስለ ናርሲሲዝም ብዙ የጻፈው ሰው የራሱን መዳን በሌላ ስም አስመስሎ ለባልደረቦቹ አድናቆት ማቅረቡ ለመሳቅም ለማዘንም የሚያበቃ ነው። ክርክሩን ወደ ሕክምና ክፍሉ መልሶ ማየት ግን ይሻላል፤ ሁለቱ ታላላቆች የሚለያዩት በመጻሕፍቶቻቸው ውስጥ ሲሆን፣ በተግባር ልዩነታቸው ወደ አንድ ጥያቄ ይጠባል፤ ታካሚው ሐኪሙን በናቀባት ደቂቃ ሐኪሙ ምን ያደርጋል?

ሠልጣኟ፦ ለማብራራት ያህል አንድ የታሰበ ታካሚ ይወሰድ። ዕድሜው ከስልሳ ያለፈ፣ ከኃላፊነት የተነሣ ሰው ነው፤ በአምስተኛው ቀጠሮ ላይ በበዓል ዕለት ስልኩ አንድ ጊዜም አለመጮኹን እንደ ቀልድ ተናግሮ፣ ጥቂት ዝም ብሎ፣ ሐኪሟን፦ «አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ ስንት ዓመትሽ ነው?» ይላታል። ከርንበርግን ያነበበች ሐኪም ንቀቱን ስም ልትሰጠው ትነሣለች፤ ኮሁትን ያነበበች ደግሞ ብቸኝነቱን ልታስተጋባ ትነሣለች።

መምህሩ፦ ሁለቱም ሳይነሡ አንድ ነገር መለየት አለባቸው። በዕድሜ አባት የሚሆን ሰው ወጣቷን ሐኪም አንቺ ማለቱ የወግ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲላት ኖሯል፤ እሷም እርስዎ ስትለው። በበሽታ መቆጠር የለበትም። አዲሱ ነገር ጥያቄው የመጣበት ደቂቃ ነው፤ የስልኩን ነገር ሲያወጣ ራሱን አሳንሶ ስላየው፣ ሚዛኑን ለመመለስ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ሌላ ሰው ማሳነስ ግድ ሆነበት። ጆን ስታይነር የተባለው የለንደን ሐኪም በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ ያቀረበው ዘዴ እዚህ ላይ ከሁለቱም ይበልጥ ይረዳል፤ ትርጓሜ ታካሚው ስለሚያደርገው ብቻ ሳይሆን ታካሚው ሐኪሙን እንዴት እንደሚያየውም ሊሆን ይችላል። ሐኪሟ፦ «እርስዎ እኔን በመናቅ ኀዘንዎን እየሸሹ ነው» ብትለው እውነት ልትናገር ትችላለች፤ እሱ ግን የሚሰማው ክስ ነው። «ይህን የመሰለ ነገር ለአንዲት ትንሽ ልጅ መናገርዎ፣ እሷም ምን ሊገባት ይችላል የሚለው አሳስቦዎት ይሆናል» ብትለው ግን፣ የተናቀችው እሷ ሆና ሳለ የእሱን ፍርሃት ከእሱ ጎን ቆማ ታያለች ማለት ነው። ቆዳው የሳሳ ታካሚ ሁለተኛውን ይሸከማል፤ የመጀመሪያው ጊዜ አለው፣ ያም ከወራት በኋላ ነው።

ሠልጣኟ፦ ዘዴው መልካም ነው፤ ነገር ግን የተሰደበ ሰው ዘዴ አያስታውስም።

መምህሩ፦ የሕክምናው ከባዱ ሸክም እዚህ ላይ ነው፤ ከታካሚው ክብር ይልቅ የሐኪሙ ክብር ቀድሞ ይፈተናል። እንደ ዕቃ የተቆጠረ ሐኪም እንቅልፉ ይመጣል፤ ይህ ድካም ብዙ ጊዜ በክፍሉ ውስጥ እንደሌለ ሰው መቆጠርን የሚገልጽ ስሜት ነው። ሲናቅ ደግሞ ያነበበውን ማሳየት ያምረዋል፤ ወይም በትርጓሜ ስም ይበቀላል፤ ለሦስት ወር ታግሦ በአራተኛው ላይ የተናገረው ትክክለኛ ትርጓሜ ድምፁ ውስጥ ቂም ካለበት ታካሚው የሚሰማው ቂሙን ነው። ከሁሉ አታላዩ ግን ውዳሴ ነው። ታካሚው ከዚህ በፊት ያዩት ሐኪሞች ሁሉ ደንቆሮ እንደነበሩ፣ እርስዎ ብቻ እንደገባዎት ሲናገር፣ ሐኪሙ ከፍ ከፍ እንዳለ ይቀመጣል፤ ተራው ደርሶ ከቀድሞዎቹ ጋር እስኪቆጠር ድረስ። አንቺም ቢሆን በዚህ መስክ ከምታነቢው መጽሐፍ ሁሉ ይልቅ ከበላይ ሐኪም ጋር በየሳምንቱ መነጋገሩ ይበልጥ የሚያስፈልግሽ ለዚህ ነው።

ሠልጣኟ፦ ትዕግሥት የበዛበት መንገድ አደጋም አለው። ኦቪድ ስለ ናርሲሰስ በተረከው ውስጥ ነቢዩ ቲሬሲያስ ልጁ ራሱን ካላወቀ እስከ እርጅና ይኖራል ብሎ ተናግሮ ነበር። ሥነ ልቦና ሕክምና ሰውየው ራሱን እንዲያውቅ የሚያደርግ ከሆነ፣ ምሽጉ ሲነሣ የሚገኘው ባዶነት ሊገድል ይችላል።

መምህሩ፦ ስጋቱ በተረት ብቻ የቆመ አይደለም። በማክሊን ሆስፒታል ረጅም ዘመን የሠራችው ኤልሳ ሮኒንግስታም አጥብቃ እንደጻፈችው፣ እነዚህ ታካሚዎች ግልጽ ድባቴ ሳይታይባቸው፣ ከአንድ ውርደት ወይም ሽንፈት በኋላ በድንገት ራሳቸውን ለማጥፋት ሊነሡ ይችላሉ። ስለዚህ ሐኪሙ ስለ ሞት ሐሳብ በግልጽና በተደጋጋሚ መጠየቅ አለበት፤ በተለይ ከሥራ መነሣት፣ ከክስ፣ ከፍቺና ከጡረታ በኋላ፣ ታካሚው «ምንም አልመሰለኝም» ባለ ጊዜ ጭምር። ራስን ማወቁም በአንድ ጊዜ የሚወርድ ፍርድ መሆን የለበትም፤ ቲሬሲያስ ልክ የሚሆነው ሰውየው ራሱን ብቻውን ያየ እንደሆነ ነው።

ሠልጣኟ፦ የሕክምናው ውጤትስ ምን ያህል ተረጋግጧል? ለመዛባቱ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት የለም፤ ከርንበርግ ያሳደገው ዘዴ፣ የጄፍሪ ያንግ የስኪማ ሕክምናና ሌሎችም ለናርሲሲዝም ተስተካክለው ቢቀርቡም፣ በዋናነት የተፈተኑት በሌሎች የሰብእና መዛባቶች ላይ ነው። ተስፋ የሚሰጥ ነገር ቢኖር በ2011 የወጣው የጀርመን ጥናት ነው፤ ታካሚዎቹ ሌላው ሰው ምን እንደሚያስብ መረዳት ሳያቅታቸው፣ የጎደላቸው ስሜቱን አብሮ መጋራት መሆኑን አሳይቷል።

መምህሩ፦ ያም ቢሆን ሁለት ዓይነት ሊነበብ ይችላል፤ የማያዝን ነገር ግን የሚያነብብ ሰው አደገኛ ሊሆንም ይችላል። ይበልጥ የሚያስተምረው ሮኒንግስታም፣ ጆን ጉንደርሰንና አንድ ባልደረባቸው በ1995 ያሳተሙት ትንሽ ጥናት ነው። ሃያ ታካሚዎችን ለሦስት ዓመት ተከታትለው 60 በመቶው ላይ ናርሲሲዝሙ በግልጽ መቀነሱን አገኙ፤ የቀነሰበትንም ምክንያት ሲመረምሩ ያገኙት በአብዛኛው በሕይወት ውስጥ የተከሰቱ ነገሮችን ነው፤ እውነተኛ የሥራ ፍሬ፣ ጸንቶ የቆየ ግንኙነት፣ እንዲሁም ሰው ስለ ራሱ ያለውን ሕልም በልኩ ያረመ ሽንፈት።

ሠልጣኟ፦ ይህ ከሆነ የሐኪሙ ድርሻ ታካሚው ሽንፈቱን እስኪያገኝ መጠበቅ ይሆናል፤ ታካሚው ደግሞ ብዙ ጊዜ አይጠብቅም፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ወር ሐኪሙ እንደማይረባ ወስኖ ይቀራል።

መምህሩ፦ ለዚህ ነው በመጀመሪያው ቀን ስለ ማቋረጥ መነጋገር የሚያስፈልገው። ሐኪሟ ከታካሚው ጋር፣ አንድ ቀን ሕክምናው ዋጋ ቢስ መስሎ ሊታየው እንደሚችል፣ ያ ቀን ሲመጣ ሳይናገር እንዳይቀር፣ አንድ ተጨማሪ ቀጠሮ መጥቶ ምክንያቱን እንዲያስረዳ ትስማማለች።

ሠልጣኟ፦ የተናቀችን ሐኪም ለመሰናበት ማን ይመጣል?

መምህሩ፦ ብዙዎቹ አይመጡም። ከሚመጡት የሚበዙት ምን ያህል እንደማትረባ ሊነግሯት ነው የሚመጡት፤ ሙሉውን ሃምሳ ደቂቃ ይነግሯታል፤ ከዚያም አንዳንዱ በሩ ላይ ቆሞ የሚቀጥለው ማክሰኞ በተለመደው ሰዓት ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል።